መብራት ሲሄድ የማይሞት ነገር ፍለጋ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ ቤት ውስጥ ዓሣ የምናሳድግና ልንጀምር ያሰብን ሰዎች ተሰብስበን ነበር። ተናገር ተባልኩ፣ ተናገርኩ። ቀልዱን ትንሽ ቀንሼ፣ የተነሱትን ጥያቄዎች በየቦታቸው ከትቼ እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ። ይቺን ጠርሙስ ካላያችሁ ዛሬ የምለው ሁሉ ተረት ነው የሚመስላችሁ። ተቀባበሏት። ቀስ ብላችሁ፣ አትነቅንቋት። ውስጧ የሚሄዱት ቀያይ ነገሮች ሽሪምፕ ናቸው። ትልቋ 3 ሳንቲ ሜትር አትሞላም። አዎ፣ ይኼን ያህል ብቻ ናት፣ ከዚህ በላይ አታድግም። ደግሞ አሁን ልመልሰውና ይለፍልኝ፦ አይበላም። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። አንድ የጎረቤት አባት ደግሞ መስታወቱ ላይ ተደግፈው ብዙ ካዩ በኋላ «ኩን ማሊ?» (ይኼ ምንድን ነው?) አሉኝ። ሽሪምፕ ነው አባባ፣ የውሃ እንስሳ ነው ስላቸው፣ «ታዲያ አንበጣ ምን በድሎህ ነው?» ብለውኝ ወጡ።

ከዓሣው ልጀምር። ሰባት ዓመት ዓሣ ይዣለሁ። እንደ ሁላችሁም በወርቃማ ዓሣ ጀመርኩ፣ ገደልኩ። ጋፒ ያዝኩ፣ ጋፒ ደግሞ ራሱ ይራባል፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ በሃይላንድ እየሞላ ወሰደ። ከዚያ ልቤ አበጠና ኤንጅልፊሽ ገዛሁ። ያ ክንፉን እንደ ነጠላ ዘርግቶ የሚንሳፈፈው። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ግን ውሃው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። የአማዞን ልጅ ነው።

ጅማን የማያውቅ ሰው ሞቃት ነው ይላል። እኛ ግን እናውቀዋለን። ከባህር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ነው የተቀመጥነው። ቀኑ ደስ ይላል፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ሌላ ነገር ነው። የውሃ ማሞቂያው ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ከዚህ በኋላ ያለውን ብትጨርሱልኝ ይቻላል።

አንድ የታኅሣሥ ሌሊት መብራት ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስልኬ ባትሪ ሳየው ቴርሞሜትሩ 17 ላይ ነው። ዓሦቹ ጥግ ላይ ተደራርበው ቆመዋል። ከሰል አቀጣጥዬ፣ ውሃ አፍልቼ፣ በሃይላንድ እየሞላሁ አኳሪየሙ ላይ ማንሳፈፍ ጀመርኩ። ሲቀዘቅዝ አውጥቼ ሌላ። መስታወቱንም ጋቢ አለበስኩት። እማዬ ለውዱእ ተነስታ ይኼን አየች። አኳሪየም ጋቢ ለብሶ፣ እኔ በሸሚዝ ከሰል እያራገብኩ። «ልጄ፣ ሚስት ማግባት ከዚህ ይቀላል» አለችኝ።

የዚያን ሌሊት የሞተ የለም። ጣጣው የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ዓሣ ሲበርደው አቅሙ ይደክማል፣ ሲደክም በሽታ ይገባዋል። ገላቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ወጣ። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መድኃኒት ተገኘልኝ፣ ጨመርኩ፣ ግማሾቹ ተረፉ፣ ግማሾቹ አልተረፉም። መድኃኒቱ መዳብ ያለበት ነበር። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ስልክ ላይ ሳማርርለት «ማሞቂያ የማይፈልግ ነገር ለምን አትይዝም?» አለኝ። ቼሪ ሽሪምፕ። ሳይንሳዊ ስሙ ኒዮካሪዲና ዳቪዲ ነው፣ የትውልድ አገሩ ታይዋንና ምሥራቅ ቻይና። ክረምት ሲመጣ የሚቀዘቅዝ ወንዝ ውስጥ የኖረ ፍጡር ነው። 18 ዲግሪ አይገድለውም፣ 28ም ለጊዜው ይችለዋል፣ በጣም የሚመቸው ግን ከ22 እስከ 24 ባለው ነው። ይኼ ደግሞ የእኔ ሳሎን ነው! ያለ ምንም ማሞቂያ፣ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል። ሰባት ዓመት ሙሉ ጅማን ወደ አማዞን ልቀይር ስታገል የኖርኩት ሰውዬ፣ ለጅማ አየር የሚሆን እንስሳ እንዳለ ያን ቀን ነው የሰማሁት።

አሥራ ሁለት ሽሪምፕ በሃይላንድ ተደርገው፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዘው፣ በሕይወት ጅማ ገቡ። እኔም እንደ ዓሣ ጠርሙሱን ከፍቼ ገለበጥኳቸው። የት? ያው የድሮው አኳሪየም ውስጥ፣ ያው የድሮው ጠጠር ላይ። በማግሥቱ ማታ አሥራ ሁለቱም በጎናቸው ተኝተው ነበር።

መዳቡ ነው። ዓሣ የሚችለው መጠን ሽሪምፕን ይጨርሰዋል። የሚገርመው ነገር የሽሪምፕ ደም ራሱ ኦክስጅን የሚሸከመው በመዳብ ነው፣ እንደ እኛ በብረት አይደለም። ግን ከልኩ ሲያልፍ መርዝ ነው። መዳብ ደግሞ ውሃ ስለቀየርክ ብቻ አይሄድም፣ ጠጠሩ ውስጥ ገብቶ ይደበቅና ቀስ እያለ ይወጣል። ስለዚህ ማንኛችሁም ከዓሣ ወደ ሽሪምፕ ልትዞሩ ካሰባችሁ፣ ያ ዕቃ መድኃኒት ገብቶበት የሚያውቅ ከሆነ ጠጠሩን ጣሉ። እኔ ዕቃውንም ተውኩት፣ አሁን እማዬ ሽንኩርት ተክላበታለች።

አዲስ ዕቃ ገዛሁ፣ 40 ሊትር የሚይዝ። አሁን ወደ ዋናው ነገር ገባን።

ዓሣ ስንይዝ የለመድነው ምንድን ነው? ጠዋት መመገብ፣ ማታ መመገብ፣ እሑድ መስታወት መፈተግ፣ ግማሹን ውሃ መድፋት፣ ፊልተሩን በቧንቧ ውሃ ጥርግ አድርጎ ማጠብ። እጃችን ከውሃው አይወጣም። ሽሪምፕ ግን እንደ ቀፎ ነው። ንብ የሚያነብ ሰው ዛሬ ማር አለ ወይ ብሎ በየቀኑ ቀፎ አይከፍትም። ቢከፍት ንቡ ጥሎት ይሄዳል። ዓሣ ስይዝ የማሳድገው ዓሣውን ነበር፣ አሁን የማሳድገው ውሃውን ነው፣ ሽሪምፑ ራሱን ያሳድጋል። ይኼ እስኪገባኝ ድረስ ስንቱን ፈጀሁ መሰላችሁ!

ውሃ ማሳደግ ማለት ምን ማለት ነው? ከእንስሳው ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ አሞኒያ ይወጣል፣ አሞኒያ መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ እሱን ወደ ናይትራይት ይቀይረዋል፣ እሱም መርዝ ነው። ሌላው ባክቴሪያ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይርልሃል፣ እሱ በጣም ካልበዛ አይጎዳም። እነዚህ ባክቴሪያዎች የፊልተሩ ስፖንጅ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ እስኪሰፍሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። እኔ ውሃው እስኪበስል እለዋለሁ። ባዶ አኳሪየም፣ ፓምፑ እየፈላ፣ ትንሽ ሳር፣ አንድ እንጨት፣ ሌላ ምንም የለም። ቤት የመጣ ሁሉ «ዓሦቹስ?» ይላል። ውሃው አልበሰለም ስትሉት እንደ እብድ ያያችኋል።

ሳምንታቱ ሲያልፉ ድንጋዩና እንጨቱ ላይ ሲነኩት የሚያሙለጨልጭ ስስ ሽፋን ይወጣል፣ መስታወቱም ትንሽ አረንጓዴ ይላል። ሰባት ዓመት የፈተግኩት እሱን ነበር! ለሽሪምፕ እንጀራው እሱ ነው። ከአፉ አጠገብ ያሉትን ጥቃቅን እጆቹን ልብ ብላችሁ እዩ፣ አያርፉም። ከድንጋዩ ላይ ይቆነጥራል፣ ወደ አፉ፣ ይቆነጥራል፣ ወደ አፉ። ቀኑን ሙሉ። ገበታ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ነው።

ሁለተኛዎቹ አሥራ አምስት ሲመጡ አልገለበጥኳቸውም፣ አዲሱን ውሃ ቀስ ብለው እንዲለምዱት። ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዛሁ፣ ያንኑ በሽተኛ ላይ የሚተከለውን። አንዱን ጫፍ አኳሪየሙ ውስጥ፣ ሌላውን ሽሪምፖቹ ያሉበት ባሊ ውስጥ አድርጌ፣ በሴኮንድ አንድ ሁለት ጠብታ እንዲወርድ ጎማውን አጠበብኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀ። እህቴ አልፋ ስትሄድ «ይማርልህ» አለችኝ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ጠፉ። ሳሩ ውስጥ ገብተው ተደበቁ። አንድ ጠዋት ጠጠሩ ላይ አንድ ነጭ፣ ገላው የሚያሳልፍ፣ ጺሙ ሳይቀር ሙሉ የሆነ ሽሪምፕ ተኝቶ አገኘሁ። አለቀልኝ አልኩ። በመረብ ሳወጣው ባዶ ነው! ቅርፊቱን አውልቆ ጥሎት ሄዷል። ሽሪምፕ የሚያድገው እንዲህ ነው፣ ልብሱ ሲጠበው ከጀርባው በኩል ተሰንጥቆ ይወጣና ለስላሳ ገላውን ይዞ ይደበቃል፣ አዲሱ እስኪጠነክር። ያንን ቅርፊት አትጣሉት፣ ራሳቸው ይበሉታል፣ ካልሲየሙን መልሰው ይጠቀሙበታል።

ብዙ ሽሪምፕ የሚሞተውም በዚሁ ሰዓት ነው። አንገቱ ሥር ዙሪያውን ነጭ ቀለበት ካያችሁበት ቅርፊቱ ያለቦታው ተሰንጥቆ መውጣት አቅቶታል ማለት ነው፣ አብዛኛው አይተርፍም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ማነሱ ነው፣ ወይም ባለቤቱ በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ቀይሮ ሰውነቱን ማስደንገጡ። እኔ አሁን በሳምንት አሥር በመቶ ብቻ ነው የምቀይረው። የቧንቧ ውሃውን በባሊ ክፍቱን አንድ ቀን አሳድራለሁ፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ፣ ሙቀቱም ከቤቱ ጋር እንዲስተካከል። ከዚያ በስኒ በስኒ ነው የምጨምረው።

«የዝናብ ውሃስ?» ብሎ አንድ ልጅ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንብብናልና ነጻ ውሃ ማን ይጠላል! ግን ሁለት ነገር አለው። አንደኛ የዝናብ ውሃ ማዕድን የለውም፣ ብቻውን ከሆነ ቅርፊት መሥሪያ አይገኝበትም። ሁለተኛ እኛ የምንቀዳው ከቆርቆሮ ላይ ነው፣ ቆርቆሮ ደግሞ የተለበጠው በዚንክ ነው። ዚንክ ለሽሪምፕ የመዳብ ወንድም ነው። ከፈለጋችሁ ባሊውን ግቢው መሀል ክፍቱን አስቀምጡና በቀጥታ ከሰማይ ተቀበሉ፣ ከዚያ ከቧንቧው ጋር ቀላቅሉ። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ማዕድን በሚያሳየው በቲዲኤስ መለኪያ ስትለኩት ከ150 እስከ 250 መሀል ከሆነ ይሄዳል። የሁላችንም ቧንቧ አንድ ስላልሆነ የእኔን ቁጥር አትቅዱ፣ የራሳችሁን ለኩ።

አሁን ወደ ሰርጉ። ሴቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከአንገቷ ጀርባ ኮርቻ የመሰለ ቢጫ ነገር ይታያል፣ ገና ያልወጣ እንቁላል ነው። ቅርፊቷን ባወለቀች ጊዜ ውሃው ውስጥ ጠረን ትለቃለች፣ ወንዶቹ ያብዳሉ። ሁልጊዜ ድንጋይ ላይ ተለጥፈው የሚውሉት ፍጡሮች በአንዴ ከዳር ዳር ይበራሉ። መጀመሪያ ሳየው ውሃው ተመርዞ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። በማግሥቱ አንዷ እንቁላሏን ሆዷ ሥር ሰብስባ ታየችኝ። ከ20 እስከ 30 ይሆናል፣ ልክ የጤፍ ፍሬ ትንሽ ወፈር ብሎ። በሆዷ ሥር ባሉት መቅዘፊያዎች ሳታቋርጥ ታራግበዋለች፣ አየር እንዲያገኝ፣ እንዳይሻግት። ሦስት ሳምንት አልፎ በማጉያ መስታወት ሳይ እያንዳንዱ እንቁላል ላይ ሁለት ጥቁር ነጥብ። ዓይን ነው።

የተወለዱ ቀን ሁለት ሚሊ ሜትር ናቸው፣ ግን ሙሉ ሽሪምፕ ናቸው፣ የእናታቸው ቅጂ። ሁሉም ሽሪምፕ እንዲህ አይደለም። አማኖ የሚባለውን ላርባ ብሎ የመጣ ወንድማችን ይቅርታ ያድርግልኝ፣ የአማኖ ጫጩቶች ለማደግ ጨው ያለበት ውሃ ይፈልጋሉ፣ በተራ ውሃ ብቻ አይሆንላችሁም። ለጀማሪ ቼሪ ነው።

ከጋፒ ጋር ይኖራል ወይ ለሚለው፦ ትልልቆቹ ይኖራሉ። ጫጩቶቹን ጋፒው ቁርስ ያደርጋቸዋል። ኤንጅልፊሽ ከሆነማ እናቶቹንም አይምርም። ለማርባት ከሆነ ሽሪምፑ ብቻውን ይኑር።

ምግብ ላይ አጭር ልሁን፣ ምክንያቱም መመገብ ያለባችሁ ትንሽ ነው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በጥቂት ሰዓት የሚያልቅ። የሚወዱት ምን እንደሆነ ግን ስነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሳማ! አጥር ሥር የሚበቅለው፣ ልጅ እያለን የተለበለብንበት። ፈላ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆይቶ ማቀዝቀዝና መስጠት ነው። የደረቀ የዘይቱን ቅጠልም ይሆናል፣ ዝኩኒም ይሆናል፣ ንጹሕ የእንቁላል ቅርፊት ስባሪ ጥግ ላይ ብታስቀምጡም ለካልሲየም ይረዳል። የገበያ ጎመንና ቆስጣ ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት እንደሆነ አይታወቅም። እኔ ከግቢዬ ያልበቀለ አልሰጥም።

ፀረ ተባይ ስል፣ ይኼን ሳልናገር ብሄድ ይቆጨኛል። አንድ ዓመት ከሞላ በኋላ ከ80 በላይ ደርሰውልኝ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ትንኝ በዛ። ወባ አለ፣ መርጨት ግድ ነው። እኔ ደግሞ ነቄ ነኝ ብዬ፣ ከመርጨቴ በፊት አኳሪየሙን በላስቲክ ሸፍኜ ዙሪያውን በፎጣ ጠቀጠቅኩት። አየር የማይገባበት አደረግኩት። ከዚያ ክፍሉን ፍሊት ነፍቼበት በሩን ዘጋሁ። ጠዋት ላስቲኩን ስገልጠው ግማሾቹ ተገልብጠዋል፣ የተቀሩት በጀርባቸው እየተሽከረከሩ ነው። እንዴት ገባ? ፎጣውን ደጋግሜ አየሁ። ከዚያ ጆሮዬ ሰማ፣ ድርርርር ይላል። የአየር ፓምፑ! መደርደሪያው ላይ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ የክፍሉን አየር እየሳበ በቱቦ ውሃው ውስጥ ሲነፋ ነው ያደረው። እነዚህ የትንኝ መድኃኒቶች የሚሠሩት ነፍሳት ላይ ነው፣ ሽሪምፕ ደግሞ ለነፍሳት የቅርብ ዘመድ ነው። አባባ አንበጣ ያሉት ለካ ብዙም አልተሳሳቱም። ዘጠኝ ተረፉ። ዛሬ ጠርሙሱ ውስጥ ያያችኋቸው የእነዚያ የዘጠኙ የልጅ ልጆች ናቸው። አሁን እኛ ቤት አጎበር ነው።

ስለ መብራትም ጠይቃችሁኛል። ስፖንጅ ፊልተር ነው ያለኝ፣ መብራት ሲሄድ ይቆማል። ግን ሽሪምፕ ትንሽ ነው የሚተነፍሰው፣ ትንሽ ነው የሚያቆሽሸው፣ እስካልተጨናነቀና ሳሩ በደንብ እስካለ ጥቂት ሰዓት ምንም አይሆንም። አንድ ሌሊት ሙሉ ሄዶ ያውቃል። ተኛሁ። ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ መብራት ሄዶ መተኛት?

ቀለሙን በተመለከተ። በተፈጥሮው ቼሪ ቀይ አይደለም፣ ቡናማ ነገር ነው፣ ድንጋይ ላይ ሲሆን አይታይም። ቀዩ የተገኘው ሰዎች ደማቅ ደማቁን እየመረጡ ለብዙ ትውልድ ስላራቡት ነው። ይኼ ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፣ ቡና ለቀማ ነው። ቀዩን ትለቅማለህ፣ አረንጓዴውን ትተዋለህ። እኔም በየወሩ ሐመር ሐመሮቹን እያወጣሁ ወደ ሌላ ዕቃ አዛውራለሁ። ቢጫም ሰማያዊም አለ፣ ሁሉም ያው አንድ ዝርያ ናቸው፣ ስለዚህ አንድ ላይ ካደረጋችኋቸው ይዳቀሉና ልጆቹ ቀስ በቀስ ወደዚያ ቡናማ ይመለሳሉ። አንድ ዕቃ፣ አንድ ቀለም። ክሪስታል ሬድ የሚባል ቀይና ነጭ የሌላ ዝርያ ሽሪምፕ ደግሞ አለ፣ ሱዙኪ የሚባል ጃፓናዊ ከዚያው ዝርያ ጥቁርና ነጮች መሀል በአጋጣሚ የወጣ ቀይ አግኝቶ በ1990ዎቹ እየመረጠ ያራባው ነው። አያጓጓችሁ። እሱ ለስላሳና አሲዳም ውሃ ይፈልጋል፣ ለጊዜው በፎቶ እዩት።

ያወጣኋቸውን ሐመሮች ምን አደርጋለሁ? ለልጆች እሰጣለሁ፣ ለትምህርት ቤት ሰጥቻለሁ። አዌቱ ወንዝ ግን አልጨምርም፣ ቦዬ ረግረግም አልጨምርም። አንድ ሰው «ለወንዙም ጌጥ ይሆነዋል» ብሎኝ ነበር። እምቦጭም እኮ ጌጥ ነበር። አበባው አምሮ ከደቡብ አሜሪካ የተወሰደ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ስንት ሰው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው በቴሌቪዥን አይተናል። ይኼው ቼሪ ሽሪምፕም ሃዋይ ወንዞች ውስጥ ገብቷል፣ ጀርመንና ፖላንድ ድረስም ሞቅ ያለ ውሃ አግኝቶ ተራብቷል። ብርዱን የሚችል መሆኑ ለእኔ በጀኝ እንጂ፣ ለአዌቱ አይበጅም። ውሃ ስትቀይሩም የምትደፉትን እዩት፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ጫጩት በዓይን አይያዝም። እኔ ቡና ተክሌ ሥር ነው የምደፋው።

ገንዘቡስ? እ... ሀብታም አልሆንኩም። ጅማ ውስጥ ገዢዎቼ በጣት ይቆጠራሉ፣ ግማሾቹ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ዕዳ ያለባቸውም አሉ፣ ስም አልጠራም። ከማሞቂያው የተረፈኝ የመብራት ሒሳብና እንቅልፌ ነው ትርፌ። ሥራ ትቼ ልግባበት የሚል ካለ ውጭ ላናግረው፣ እዚህ ሰው ፊት አላሳፍረውም።

መሞከር የምትፈልጉ ዛሬ ሽሪምፕ አልሰጣችሁም። ዛሬ የምሰጣችሁ ከስፖንጄ የተጨመቀ ቡናማ ውሃ ነው፣ በር ላይ በጄሪካን አለ። ባክቴሪያው እሱ ውስጥ ነው፣ አዲሱ ዕቃችሁ ውስጥ ጨምሩት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ውሃችሁን ለክታችሁ፣ አሞኒያና ናይትራይቱ ዜሮ ሲሆን ደውሉልኝ፣ አሥር አሥር እሰጣችኋለሁ። ባዶ ሃይላንድ ይዛችሁ ኑ። በሳሙና የታጠበ እንዳይሆን ብቻ።